የሾለው ከረሜላ

ስልኩ ሲጮኽ ኦሪን ስታውፈር ከወዳጁ ከክላይድ ጋር ምሳ እየበላ ነበር። የደወለችው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ሚስስ ዊትመር ናት።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስለደወልኩ ይቅርታ። አንደኛ ክፍል ውስጥ መሣሪያ ተገኝቷል።»

ኦሪን ሹካውን አስቀመጠ። ደስ አለው ማለት ኃጢአት ይሆንብናል፤ ግን የትምህርት ቦርዱ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ደንቡ ሥራ ሲሠራ ማየት የሚወድ ሰው ነው።

«የተጎዳ አለ?»

«የለም። አንድ ልጅ ተወግቷል... ማለቴ፣ ነካ ተደርጓል።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ደንቡ አለ አይደል!»

«ደንቡማ አለ። ግን ልጅቷ...»

«ስሟን እንዳትነግሪኝ!» ኦሪን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞር አለ፤ እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር። «የማን ልጅ፣ የማን ዘር የሚባል ነገር አልሰማም። ደንቡን ያወጣነው ለዚሁ ነው!»

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ቢሰሙኝ ይሻላል።»

«አልሰማም አልኩ! እገጃት!»

«አግጃታለሁ» አለች ሚስስ ዊትመር በደከመ ድምፅ። «እናቷ ስልክ አታነሳም። እርስዎ መጥተው ይውሰዷት። ሎቲ ናት።»

ኦሪን ስልኩን ዘግቶ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ክላይድ የጓደኛው ፊት አላማረውም።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሎቲ መሣሪያ ይዛ ተያዘች።»

«የልጅህ ልጅ? የስድስት ዓመቷ?» አለ ክላይድ። «የጥይቱ ካሊበር ስንት ነው?»

ይህ ጥያቄ በፋርዊክ እንደ ቀልድ አይቆጠርም። ፋርዊክ የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ሰኞ ትምህርት ቤቷን የምትዘጋ ከተማ ናት፤ ብትከፍተውም የሚመጣ የለም፣ ተማሪውም መምህሩም ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌላ ግዛት፣ ልጆች በጥይት ያለቁበት ያ ክፉ የትምህርት ቤት ወሬ ሲመጣ ከተማው አለቀሰ፣ ጸለየ፣ ቀጥሎም «አንድ ነገር ይደረግ» አለ። ስለ ጠመንጃ አፉን ሊከፍት የደፈረ አልነበረም። ስለዚህ በልጆቹ ላይ ደንብ ወጣ።

ደንቡን የጻፈው ኦሪን ነው። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም። «ማንኛውም ሰው ስለት ያለው ወይም የሾለ ነገር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ቢገባ፣ ዕድሜው፣ ዓላማውና ምክንያቱ ሳይጠየቅ ይታገዳል» ይላል። ተማሪ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ቦርዱ ፊት ይቀርባል፤ ጥፋተኛ ከተባለ አጎራባች ከተማ ወዳለው የጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት ለአርባ አምስት ቀን ይላካል። ማረሚያው መስኮት የሰበሩ፣ መኪና የሰረቁ፣ ጺም ያቀመቀሙ ጎረምሶች የሚከርሙበት ነው።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ክፋቱ፣ ፍርሃቱ ሲበርድ ኩራቱ መትረፉ ነው። ባለፈው ዓመት የኬስለር ልጅ ኤይመስ፣ እናቱ ለፖም ብላ ምሳ ዕቃው ውስጥ የከተተችለት የቅቤ ቢላዋ ተገኘበት። ቅቤውም ቢሆን ከማቀዝቀዣ ከወጣ በዚያ ቢላዋ አይቆረጥም። እናቱ ቦርዱ ፊት ቆማ ለመነች። ኦሪን «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከጎረምሶች ጋር ደባለቀ፤ ማታውኑም ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

የሎቲ ነገር እንዲህ ነው። የወላጆች ማኅበር ለገና ገንዘብ ማሰባሰቢያ ብሎ ከዘራ የሚመስለውን ቀይና ነጭ ከረሜላ እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሸጠ። ሎቲ የራሷን የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስትመጠው ቆየች። ከረሜላን የማያደቅ ትዕግሥተኛ ልጅ ሁሉ እንደሚያደርገው ጫፉን መርፌ አሳከለችው። ለምሳ ሲሰለፉ ግንባሯ ላይ ደግና «አውራሪስ ነኝ!» እያለች ከፊቷ የቆመውን ብሮዲን ጀርባው ላይ ነካ አደረገችው። ብሮዲ «ተወጋሁ!» ብሎ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

ረዳት መምህርቷ መሣሪያ የያዘ ሰው ቢገባ ምን እንደሚደረግ በበጋው ሥልጠና ወስዳ ነበር፤ ሥልጠና ደግሞ ሥራ ላይ ካልዋለ ያሳክካል። በሮች ተቆለፉ፣ መብራት ጠፋ፣ የትምህርት ቤቱ ልጅ በሙሉ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ከረሜላው በጓንት ተነሥቶ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተከተተና በፕላስተር ተጠቀለለ። ብሮዲ በበኩሉ ጠረጴዛ ሥር ተጋድሞ የራሱን ከረሜላ ይመጥ ነበር።

ኦሪን ሎቲን መኪናው ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ መንገዱን ታያለች። ድልድዩን ሲሻገሩ ጠየቀችው።

«አባባ፣ ደንቡን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ የኔ እመቤት።»

«ስለ እኔ ነው የሠራኸው?»

«ኧረ በፍጹም! ስለ መጥፎ ሰዎች ነው።»

«እኔ መጥፎ ሰው የሆንኩት መቼ ነው? ጠዋት አልነበርኩም።»

ኦሪን መስተዋቱ ውስጥ አያት፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። መልስ ሲፈልግ መታጠፊያው አመለጠው።

«ማረሚያው ቤት ባለቀለም እርሳስ አለ?» አለች ደግሞ። «ኤይመስ ትልልቆቹ ልጆች ምሳውን ይቀሙት እንደነበረ አውቶቡስ ውስጥ ነግሮናል። የኔንም ይቀሙኛል?»

«ገና አልተወሰነም።»

«ማነው የሚወስነው?»

ኦሪን ሬዲዮኑን ከፈተ።

ማታ ነርሷ ልጁ፣ የሎቲ እናት ጃኔል፣ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ደጁ ድረስ መጣች። ካፖርቷን አላወለቀችም፣ ግቢ ሲላትም አልገባችም።

«አባዬ፣ ከረሜላ ነው እኮ!»

«የሾለ።»

«ምራቅ ነው ያሾለው! ሐሙስ ስብሰባ ላይ ተነሥተህ ይህን ነገር ታቆመዋለህ።»

«ጃኔል፣ ለኬስለር ልጅ ያልራራሁትን ዛሬ ለራሴ ብራራ ሰው ምን ይለኛል? የራሱ ሲሆን ጊዜ ሕጉ ላላ አይሉኝም?»

«ለኬስለር ልጅም መራራት ነበረብህ!» አለችው። «አሁን ደግሞ ያን ጥፋት በሎቲ ልትደግመው ነው። እኔ ልጄን እዚያ አልክም። ከላክሃት ደግሞ አያት እንደነበራት ትረሳለች፣ እኔም አላስታውሳትም።»

ቀልዷን እንዳልሆነ ያውቃል። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰችም ያውቃል፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ሐሙስ ቦርዱ እንደተለመደው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተሰበሰበ። የትልቅ ሰው ወንበር ለቦርዱ ብቻ ስለበቃ የከተማው ሰው በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ተቀመጠ። ሎቲ ብቻ ወንበሩ ልኳ ሆነላት። የእሁድ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯም ተጎንጉኗል።

ለቦርዱ የተቀጠረው የከተማ ጠበቃ ወደ ኦሪን ጆሮ ጠጋ አለ። «ክቡር ሊቀመንበር፣ ጉዳዩ የሥጋ ዘመድዎ ስለሆነ ከወንበሩ ቢነሡ...»

ወይ ፍንክች! «ደንቡ ዘመድ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም» ብሎ በእንጨት መዶሻው ጠረጴዛውን መታ።

መጀመሪያ የተጎጂው ቃል ተሰማ። ብሮዲ የአባቱን ክራባት አስሮ መጥቷል፤ ጫፉ ጉልበቱን አልፏል።

«ልጄ፣ ምን ደረሰብህ?» አለ ጠበቃው።

«ተወጋሁ።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም። መውደቁ ግን ደስ ይላል።»

«ታዲያ ለምን ጮኽክ?»

«አውራሪስ ናት እኮ!» አለ ብሮዲ፤ ይህን ትልቅ ሰው ሁሉን ነገር ማስረዳት ሰለቸው።

«አሁንስ ሎቲን ትፈራታለህ?»

«እሷን? የኔ ከረሜላ ከሷ ይሾል ነበር፤ ማንም አላየልኝም እንጂ!»

እናቱ ዘላ አፉን አፈነችው፤ ትንሽ ብትዘገይ ቦርዱ ሁለተኛ ተከሳሽ ያገኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኦሪን መዶሻውን መታ።

ሕዝቡ እንዲናገር ዕድል ሲሰጥ የተነሣችው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ሚስስ ኬስለር። አጠገቧ ኤይመስ ተቀምጧል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መዘዝ ብሏል፤ ዓይኑን ግን ከወለሉ አያነሣም።

«ረጅም ነገር የለኝም» አለች። «የኔ ልጅ የቅቤ ቢላዋ ይዞ አርባ አምስት ቀን ተሰጠው። ሊቀመንበሩ ሕግ ሕግ ነው አሉኝ፣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ዛሬ የመጣሁት ሕጉ ዛሬም ሕግ መሆኑን ለማየት ነው።» ተቀመጠች።

በዚህ ጊዜ ሳቅ የለም። ኦሪን መዶሻውን አገላበጠ። ሎቲን ቢምራት ይህች ሴት እድሜ ልኳን ትጠላዋለች፣ እውነቷንም ነው። ቢቀጣት ደግሞ ያቺ ፀጉሯ የተጎነጎነ፣ እግሯን እያወዛወዘች የምታየው፣ ቁርስ ላይ የፓንኬኳን ጠርዝ የምታጎርሰው ልጅ ከእንግዲህ አታየውም። ያን ሰዓት ተነሥቶ ቢሮጥ ደስ ባለው።

ጠበቃው ተነሣ። «ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቦርዱ ኤግዚቢቱን በዓይኑ አይቶ መሾሉን ማረጋገጥ አለበት።»

ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ረዳት መምህርቷ ፕላስተሩን ዙሪያውን ጠቅልላ ጠቅልላ ከረሜላው በውስጡ ያለ አይመስልም። ጠበቃው በጥፍሩ ሞከረ፤ አልሆነም። ሚስስ ዊትመር ከቤተ መጻሕፍቱ መሳቢያ መቀስ አመጣች፤ ከደንቡ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ያሉት መቀሶች ጫፋቸው ክብ፣ አፋቸው ፕላስቲክ ነው። ፕላስተሩን አኘኩት እንጂ አልቆረጡትም። ክላይድ የቦርዱ አባል ነውና «በጥርስ ብንሞክረውስ?» አለ። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይጎትታል። ኦሪን ልቡ አንድ ሺህ ቦታ ተበትኖ፣ ይህ ሁሉ መጎተት አንገሸገሸው።

«ወዲህ አምጡት!» አለ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ ሰንጢውን አወጣ፣ በአውራ ጣቱ ከፈተው፣ ፕላስተሩን ጫር አድርጎ ተረተረው፣ ስለቱን ሱሪው ላይ ጠረገና አጠፈው።

ያኔ ነው ጸጥታውን የሰማው።

ቀና ሲል ሰው ሁሉ እጁን ያያል። እሱም የሰው ዓይን ተከትሎ የገዛ እጁን አየ። አባቱ በልጅነቱ ከሰጠው ጀምሮ ሰንጢ ሳይዝ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ይዞት ይገባል፣ ለሠርጉ ይዞት ቆሟል፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ደንቡን ሲፈርምም ኪሱ ውስጥ ነበር። አንድም ቀን ስለት ይዣለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። ሱሪ ለብሻለሁ ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

መጀመሪያ የነቃው ክላይድ ነው። «ያ እንኳ መሣሪያ አይባልም፣ የሥራ ዕቃ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

«እርግጥ ነው!» አለች የቦርዱ ገንዘብ ያዥ። «ሚስተር ስታውፈር ማንንም ሊጎዱ አስበው አይደለም። ፕላስተሩን ሊቆርጡልን ነው።»

«በዚያ ላይ ሽማግሌ ናቸው» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «በዚህ ዕድሜ ምን ያደርጋሉ?»

«በቃለ ጉባኤው እንዳይጻፍ ማድረግ ይቻላል» አለ ጠበቃው።

ፋርዊክ በአንድ ትንፋሽ ይቅር አለችው። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ኦሪን ግን ፈገግ አላለም፤ አንድ ነገር በጆሮው እየጮኸበት ነው።

«ክላይድ፣ ምክንያቴን ነገርካቸው» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ ዓላማዬን ነገረች። ያ ሰውዬ ዕድሜዬን ነገረ። እነዚህ ሦስቱ እኮ አይጠየቁም የተባሉ ናቸው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አንተና ልጅ አንድ ናችሁ እንዴ?»

«አይደለንም። እሷ ከረሜላ ነው የያዘችው።» ሰንጢውን ከረሜላው አጠገብ አስቀመጠ። «ሌላ የያዘ አለ?»

ክላይድ አቀርቅሮ የራሱን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ። ገንዘብ ያዧ ከቦርሳዋ አንድ አወጣች። ከሕዝቡ መካከል ፓስተሩ እየሳለ መጣና ሁለት አስቀመጠ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ድፍረት አገኘ፤ ሚስስ ዊትመርም ሳትቀር የቁልፍ መያዣዋ ላይ የተንጠለጠለችውን ፈታች። ጠረጴዛው የገበያ ቀን መሰለ። ከረሜላው ከመካከላቸው እየረጠበ ወረቀት ላይ ተጣብቋል።

ኦሪን ተነሣ። «ሐሳብ አቀርባለሁ። በደንቡ መሠረት ኦሪን ስታውፈር ከትምህርት ቤቱ ግቢ ይታገድ። ሐሳቡን የሚደግፍ?»

አንድም ሰው የለም። በቦርድ ስብሰባ ደጋፊ ያጣ ሐሳብ እዚያው ይሞታል፤ ሰውም ሞቱን ይጠብቃል።

ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ትንሽ እጅ ተነሣች።

«እኔ እደግፋለሁ» አለች ሎቲ።

ሳቁ ፈነዳ። ጃኔል እጇን ልትጎትት ሞከረች፤ ልጅቱ እቴ! አስተማሪዋ እስክትጠራት እጅ አይወርድም ብላለች።

«አባባሽን እንዲያባርሩት ትፈልጊያለሽ?» አለ ክላይድ እንባውን እየጠረገ።

«አዎ» አለች ሎቲ። «ከታገደ እኮ ማረሚያው ቤት አብረን እንሄዳለን። ትልልቆቹ ምሳዬን ሲቀሙኝ ይቆጣልኛል።»

ሳቁ መካከሉ ላይ ቀጥ አለ። ኦሪን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፈረ፤ ከሁሉ በላይ ያሳፈረው ሎቲ አሁንም እንደምታምነው ማወቁ ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ክላይድ እጁን አነሣ። «እንግዲህ ሊቀመንበሩ ከታገዱ እኔም ታግጃለሁ፣ ገንዘብ ያዧም ታግዳለች፣ ፓስተሩም ሁለት ጊዜ ይታገዳሉ። መብራቱን የሚያጠፋ ይጠፋል። ደንቡ ይሰረዝ፣ ልጅቷ ሰኞ ክፍሏ ትግባ፣ ከእንግዲህ ልጅ ሲቀርብ ዕድሜው፣ ዓላማውና ምክንያቱ ይጠየቅ። የሚደግፍ?»

ሦስት ሰው በአንድ አፍ ደገፈ። ተቃዋሚ አልነበረም። ኦሪን መዶሻውን ሊመታ ፈልጎ በሰንጢዎቹ መካከል አጣው፤ በጡጫው መታ።

ጃኔል መጥታ አቀፈችው፤ በአንድ እጇ ነው፣ ግን አቀፈችው። ሎቲ ግን ተኮሳትራለች።

«እና አልታገድክም?»

«አልታገድኩም፣ የኔ እመቤት።»

«እጄን ያን ያህል አንሥቼ!»

ሰው ሰንጢውን እየለየ ኪሱ እየከተተ መውጣት ጀመረ። ሚስስ ኬስለር አልተነሣችም። ኦሪንም የራሱን አነሣና ጠረጴዛውን ዞሮ ፊቷ ቆመ፤ «ይቅርታ» አላት።

«ለእኔ አይደለም» አለችው፣ በአገጯ ወደ ልጁ እየጠቆመች።

ኦሪን ጉልበቱ እየተንቋቋ በትንሿ ወንበር ላይ ከኤይመስ አጠገብ ተቀመጠ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ። ተሳስቻለሁ። ማንም ምንም አልጠየቀህም።»

ኤይመስ ዓይኑን ከወለሉ አነሣ። ሽማግሌውን አየ፣ ሽማግሌው እጅ ውስጥ ያለውን ሰንጢም አየ።

«ለእርስዎ ስንት ቀን ሰጡዎት?» አለ።

«ምንም» አለ ኦሪን።

ልጁ አልተቆጣም። እንደ ትልቅ ሰው ራሱን ነቀነቀና የካፖርቱን ዚፕ ዘጋ።

«እድለኛ ነዎት» አለው።